ጋሼ ሰይድና ዘንበል የሚለው ባቡር

ባለፈው ቅዳሜ፣ በስደት በምንኖርበት ሜልተን፣ ቤታችን ምሳ በልተን እንደተቀመጥን ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። "ዳድ፣ ሉክ! ኢትስ ፎሊንግ!" አንድ ባቡር መታጠፊያ ላይ ጎኑን ጥሎ ይከንፋል። "አይወድቅም፤ ተሳፍሬበታለሁ" አልኳት። አላመነችኝም።

ያኔ ስሳፈርበት፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ የምኖር ጎረምሳ ነበርኩ። ሐያት የምትባል ልጅ ወደድኩ። አባቷ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ በሃላል ሥርዓት ከብት የማረድ ሥራ አግኝተው ቤተሰባቸውን ይዘው ሮክሃምፕተን ወደምትባል የሰሜን ከተማ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሐያት ደወለችልኝ። ብሪዝበን የሚኖር፣ የራሱ ቤት ያለው ሰው ሊያስጠይቃት ነው። "ሽማግሌ ላክ፤ አባዬ እሺ ሳይለው ቶሎ ላክ" አለችኝ።

ሽማግሌ መላክ ቀላል መስሏት! ያን ሁሉ መንገድ እሄዳለሁ ያሉኝ የወሎው ጋሼ ሰይድ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም አውሮፕላን ወይ ፍንክች! "አንዴ አምጥቶኛል፤ ከእንግዲህ ሬሳዬን ካልሆነ አይጭነኝም" አሉ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ፣ ልማዱ ባይሆንም፣ ጠያቂው እኔው መንገድ መሪ ሆንኩ።

እስከ ብሪዝበን በተራ ባቡር ተንገላታን። እዚያ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ያዝን። ለጋሼ ሰይድ ሻይ አመጣሁላቸው፤ ገና ሳይቀምሱት ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መታጠፊያ ውስጥ ገባ። ወለሉ ከእግራችን በታች አጋደለ። በእኛ መስኮት የሸንኮራ አገዳው ማሳ ተነስቶ ቀረበን፤ በወዲያኛው መስኮት ሰማይ ብቻ ቀረ። ጠረጴዛውን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። ሻዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ሱብሃነላህ!" አሉ ጋሼ ሰይድ። ብርጭቆውን ዝቅ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሜዳውን፣ ከዚያ እንደገና ብርጭቆውን። "ጣርማ በርን በአውቶቡስ ስንወርድ ሰው ሁሉ ወደ ተራራው ያጋድል ነበር። ሰውማ ፈርቶ ነው። ይሄን ብረት ማን አስተማረው?" ሻዩ በረደ፤ አልጠጡትም። እኔም ለጥቂት ጊዜ የመጣሁበትን ጭንቅ ረሳሁት።

ሮክሃምፕተን እንደደረስን በታክሲ ወደ ሐያት ቤት ላክኋቸውና በዚያ ሙቀት ጣቢያው ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

"እንዴት ሆነ ጋሼ?"

"አልሐምዱሊላህ። ተመልሰን እንመጣለን።"

"እንቢ አሉ?"

"ኧረ እሺ ብሎ ነበር። 'ይህን ያህል አገር አቋርጠው መጥተው እንዴት እመልስዎታለሁ' አለኝ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅ በአንድ ቀን ደጅ ጥናት ይሰጣል እንዴ? ነውር ነው! በወሩ እንመለሳለን ብዬዋለሁ።"

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። "የብሪዝበኑ ሰው ቢቀድመኝስ?"

"ዕጣህ ከሆነች የትም አትሄድ" አሉና ሐዲዱን አሻግረው እያዩ፣ "ስንመለስ እኔ በመስኮቱ በኩል ልቀመጥ" አሉኝ።

አኩርፌ ተሳፈርኩ። እሳቸው እቴ! መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ክንዴን ይይዙኛል፤ "መጣ፣ መጣ፣ እየው!" እንደተቆጣሁ አየሁት። ያ ሁሉ ብረት ሲያጋድል፣ ከፊታችን እናቱ ላይ የተኛው ሕፃን እንኳ አልባነነም። ይህ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ አላህ ያውቃል። ሐያት በስልክ ታለቅሳለች፤ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የብሪዝበኑ ሰው በመሃል ማስጠየቁ አልቀረም፤ ያስጠየቀው ግን በስልክ ነበር። አባቷ ለሁለተኛ ጊዜ ደጃቸው የቆሙትን ጋሼ ሰይድን ሲያዩ፣ "የልጄን ክብር የሚያውቅ ቤት ይኼ ነው" ብለው መረቁን።

ጋሼ ሰይድ ካለፉ ቆዩ፤ አላህ ይማራቸው። እኔም ወደ ዕድሜያቸው እየተጠጋሁ ነው። ያኔ ጎረምሳው እኔ ለመድረስ ብቻ ስጣደፍ፣ ለእኚያ ሽማግሌ ዓለም ገና አዲስ ነበረች። በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

ሐያት ዛሬም ለልጃችን ስታወራ፣ "ለእኔ ክብር ሲሉ ነው ያን ሁሉ መንገድ የተመላለሱት" ትላታለች። እኔ ግን ባቡሩ ሲያጋድል መስኮቱ አጠገብ ፊታቸውን አይቻለሁ። አልከራከራትም።