ደጅ የሚተኛው መራጭ

ዓመተ ምሕረቱን እንዳትጠይቁኝ፤ ጠፍቶብኛል። በንጉሡ ዘመን፣ ጣልያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለፓርላማ ምረጡ ሲባል ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው ጊዜ እንጃ። ወራቱ ግን የሙቀት ወራት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ጣጣውን ሁሉ ያመጣብኝ ሙቀቱ ነውና።

ያኔ ከድሬዳዋ ተራራ በላይ ባለው ኮሌጅ፣ በተማሪዎች ወጥ ቤት ድስት አጣቢ ነበርኩ። የሠራተኛው መኪና ጠዋት ከድሬዳዋ ያወጣናል፣ ማታ ይመልሰናል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ቀጭን ተማሪ ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ምርጫው ያስረዳን ጀመር።

«ሃያ አንድ ዓመት የሞላችሁ፣ በየሰፈራችሁ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ነዋሪ መሆናችሁን የሚመሰክር ሰው ያዙ። መዝገቡ ቅዳሜ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ብትለምኑም የሚሰማችሁ የለም።»

«አንተስ ተመዘገብክ?» አለው የወጥ ቤቱ አለቃ።

«እኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

ሳቅንበት። «አቦ፣ ታዲያ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

«እናንተ ስለምትችሉ ነዋ!» አለ ልጁ፣ ሳይቀየም።

ይህች ንግግሩ ውስጤ ገባች። እመዘገባለሁ ስል አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «ፊደል ሳትለይ ምን ልትመርጥ ነው? ድስት?»

«ተመራጮቹ ምልክት አላቸው ተብሏል። ምልክት የማይበት ዓይን አለኝ» አልኩት።

ቅዳሜ ዕለት ፈቃድ ወስጄ፣ ምስክር መያዙን ግን ረስቼ ሄድኩ። መዝጋቢው ከደጋ በቅርብ የመጣ ወጣት ነበር፤ በዚያ ሐሩር ኮቱን አላወለቀም። ስሜን ጻፈና «የት ነው የምትተኛው?» አለኝ።

«ደጅ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ቤት የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«የምተኛው ደጅ ነው።»

«ሂድ ወንድሜ፣ ተላላፊ መንገደኛ አንመዘግብም» ብሎ ስሜን ሰረዘው።

በሙቀት ወራት ድሬ ውስጥ ማን ክፍል ውስጥ ይተኛል? ሁሉም አልጋውን ያወጣል፤ የማን ቦታ የት እንደሆነ ሰፈርተኛው ያውቃል። እኔ የተጠየቅኩትን በእውነት መለስኩ፤ እሱ ደግሞ በረንዳ አዳሪ አደረገኝ።

«አልሄድም» አልኩ።

«ሰልፉን አትዝጋ!»

ፈቀቅ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። «ሰልፉ ይለፍ። እኔ ስሜ እስኪመለስ እዚሁ ነኝ።»

«ዘበኛ እጠራለሁ።»

«ጥራ።»

ግድግዳውን አልለቀቅኩም። ከሰልፉ አንዱ የሰፈሬ ሰው ሾልኮ ወጥቶ፣ የደቻቱን ወንዝ በደረቁ አሸዋ ተሻግሮ ለአከራዬ ነገራት። እኔ «አዮ» እላታለሁ፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት። ብዙም ሳይቆይ እጇ በከሰል እንደጠቆረ ደረሰች። ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶቼ የጠፍር አልጋዬን ተሸክመዋል! ከመዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት አስቀመጡት።

«የት ትተኛለህ ብለኸዋል አይደል? ይኸው» አለችው።

«እሜቴ፣ ይህ እኮ ቢሮ ነው!»

«ቢሮ መሆኑን አላጣሁትም። አንተ ግን የኔን ግቢ አታውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ ይሄ ሰው የሚተኛው ከአጥሬ ሥር ነው፤ ከጎኑ እነዚህ ሁለቱ። ሲያንኮራፋ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ።

«አንተስ የት ነው የምትተኛው፣ ልጄ?»

«ክፍሌ ውስጥ ነዋ።»

«ውይ! በዚህ ሙቀት? ዓይንህ መቅላቱ ለካ ለዚህ ነው።»

ልጁም ሳይወድ ፈገግ አለ። ስሜን እንደገና ጻፈው። ጎረቤቶቼ መሰከሩ፤ እኔም ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ። መዝገቡን ወደሚቀጥለው ሰው ሊያዞር ሲል አዮ እጇን ጣል አደረገችበት።

«እኔንም ጻፍ።»

«ባልሽ ይምጣ።»

«ባሌ ሞቷል። ግቢው የኔ ነው፣ ከሰሉን የምሸጠውም እኔ ነኝ። ሴት አትመርጥም የሚል ሕግ ካለህ አሳየኝ።»

ልጁ አልጋውን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ጻፋት።

የመረጥኩት ሰው አላለፈም። አለቃዬም ሳምንት ሙሉ አላገጠብኝ። ያላግጥ! ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ የከተተችው የገዛ እጄ ናት። ያን ቀን ከመንገደኛነት ወደ መራጭነት ማን አሻገረህ ብትሉኝ፣ ከደቻቱ ማዶ ከሰል የምትሸጠው አከራዬ፣ አዮ ናት።