ከቀትር በፊት የማልታይ ልጅ

ባለፈው ግንቦት ለዲጂታል መታወቂያ ልመዘገብ ቆቦ ሄጄ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ወረፋውም የዋዛ አልነበረም። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ መዝጋቢዋ ወጣት ጣቶቼን አሻራ በሚያነሣው መስታወት ላይ እንዳሳርፍ ነገረችኝ። ማሽኑ እምቢ አለ። «እናቴ፣ ትንሽ ዘርጋ ያድርጉት» አለችኝ። ከዚያ በላይ አይዘረጋም። ነገሩ ሲገባት ተነሥታ መጣችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዛ አስነካችልኝ፤ ምን ሆነው እንደሆነም ጠየቀችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳለብኝ ነገርኋት። ቁርጥማት ልጅም ይይዛል እንዴ ብላ ስትገረም ከኋላዬ የቆሙት አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ እጄን ቶሎ ብዬ ነጠላዬ ሥር አስገባሁት።

እጄን መደበቅ የለመድሁት በደርግ ጊዜ፣ ሮቢት አጠገብ ባለችው መንደራችን ነው። አባቴ እንድሪስ የማሽላ ገበሬ ነበር። ሕመሙ ሲጀምረኝ የጥንቅሽ ወቅት ነበርና ከወንድሞቼ ጋር እርሻው ውስጥ ገብተን ጣፋጩን አገዳ እየላጥን እንመጥ ነበር። የእኔን መስበር አቃተኝ። ሰንበት ብሎ ጉልበቴ አበጠ፤ ቀጥሎ የእጄ አንጓዎች። ከሁሉ የከፋው ጠባዩ ነው። ጠዋት ስነቃ ሰውነቴ ዝናብ መትቶት እንደደረቀ ጠፍር ግትር ይላል፤ መቆም ቀርቶ ቁልፍ መቆለፍ አልችልም። ፀሐይ ከፍ ስትል እየላላ ይመጣና ከቀትር በኋላ ከእኩዮቼ ጋር ውሃ እቀዳለሁ። ይህን ማን ያምናል? ጎረቤቶቻችን ስንፍና ነው አሉ፤ አንዳንዶቹ የጅን ነገር ነው አሉ። አባቴ ከሁለቱም ስም ሊያተርፈኝ ብሎ በጠዋት የመጣን ሰው ሁሉ ስታጠና አምሽታ ነው፣ ትተኛ፣ እያለ ከደጅ ይመልስ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ከቀትር በፊት የማልታይ ልጅ ሆንሁ።

አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ከዋጃ ሽማግሌ ተላከ። የልጁ እናት ከሰዓት በኋላ መጥታ አየችኝ፤ ወተት አቀረብሁላት፤ ወደደችኝ። የጋብቻችን ኒካህ ከመኸር በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን ይህችው ሴት ሮቢት ላይ ዘመድ ሞቶባት ለለቅሶ መጣችና እኛ ቤት አደረች። ጎሕ ሲቀድ ለሱብሂ ሰላት ተነሥታ፣ እናቴ ላሞቹ ዘንድ ስለነበረች፣ እኔን በስሜ ጠርታ ለሰላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። ዝም ማለት ነውር ነው። መሬት ለመሬት እየተንፏቀቅሁ ኩስኩስቱ ጋ ደረስሁ። በሁለት ክንዴ አቅፌ ላነሣው ስል አመለጠኝና ውሃው ፈሰሰ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ኩስኩስቱን ራሷ አንሥታ በቀረው ውሃ ውዱእ አደረገች፤ ሰገደች። ከዚያ በር ላይ የቆመውን አባቴን አየችውና፣ «ለካ ልጃችሁን ከቀትር በኋላ ያሳያችሁን ለዚህ ኖሯል» አለችው።

ኒካሁ ቀረ፤ እስከ ዋጃ ድረስም ለአባቴ አታላይ የሚል ስም ወጣለት።

በዚያው ሰሞን ቆቦ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ድሬሰር ወሬዬን ሰምቶ መልእክት ላከልን። ደሴ አንድ ሐኪም መገጣጠሚያቸው አብጦ የቆየባቸውን ልጆች እየፈለገ ነው፤ በሽታው በአገራችን ልጆች ላይ እንዴት እንደሚጀምርና እንደሚከርም ያጠናል አለን። አባቴ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ በአውቶቡስ ወሰደኝ። በየኬላው እየወረድን፣ እየተፈተሽን፣ ሆስፒታሉ ስንደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር።

ሐኪሙ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው፤ ተማሪዎች ከበውታል። ጉልበቴን ዳሰሰ፣ አንጓዎቼን ለካ፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደምነሣ አባቴን ጠየቀው።

«ደህና ናት። እንደማንኛውም ልጅ ትነሣለች» አለ አባቴ።

ልማድ ሆኖበት ነው። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ያበጠው ጉልበቴና የአባቴ ቃል ለሐኪሙ አልገጠሙለትም። ጠዋት ሰውነቷ ግትር የማይል ከሆነ ምናልባት ሌላ በሽታ ይሆናል፣ ከጥናቱም ላትገባ ትችላለች ብሎ ለተማሪዎቹ ነገራቸው፤ እኛንም ለማግስቱ ቀጠረን።

ያደርነው ከሆስፒታሉ በታች፣ ቁልቁለቱ ሥር ካለ ዘመድ ቤት ነው። የደሴ ብርድ ለቆላ ልጅ አይሆንም፤ ጠዋት ጣቴን ማንቀሳቀስ አልቻልሁም። አባቴ እንደ ወትሮው ፀሐይ እስኪሞቅ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

«ነይ፣ አንገቴን ያዢ።»

«ሰው ያየናል አባ። ትንሽ እንቆይ።»

«ይየን» አለ።

ለአቅመ ሔዋን የደረስሁ ልጅ እንደ ሕፃን ታዝዬ ያን አቀበት ወጣሁት። ጭጋግ ነበር፤ ቢሆንም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ሲሳሳቁ ሰማሁ። ፊቴን ጋቢው ውስጥ ቀበርሁ። አባቴ ከሐኪሙ ክፍል ገብቶ ሳያወርደኝ ቆመ።

«ዶክተር፣ ትናንት የነገርሁዎ ውሸት ነው። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናት። ስደብቃት የኖርሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ አልገሠጸውም። ወንበር ሰጠውና ከጥንቅሹ ወቅት ጀምሮ ያለውን ሁሉ ቀስ ብሎ ጠየቀው። ስንፍናም ጅንም እንዳልሆነ፣ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጀምር ግን ገና በየትም አገር እንዳልታወቀ አስረዳን። የሚያጠናውም ለዚህ እንደሆነ፣ ወላጆች ጠዋቱን ከደበቁት ግን ምንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገረው። አስፕሪን አዘዘልኝ፤ ጠዋት ጠዋት እጄን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳፍታታ አሳየኝ።

ስንመለስ አባቴን አላናገርሁትም። ቤታችን ውስጥ የተቀበረውን ምሥጢር በባዕድ ሰው ፊት ያወጣ፣ እኔንም መሳቂያ ያደረገኝ መስሎ ታየኝ። መርሳ ላይ ብርቱካን ገዝቶ፣ ልጦ፣ ፍሬውን ለያይቶ ዘረጋልኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ብርቱካኑን በእጁ እንደያዘ ወልድያ ደረስን።

መድኃኒቱ ጠዋቴን አሳጠረልኝ፤ የተጣመሙትን ጣቶቼን ግን አልመለሰም። ጥቂት ጊዜ ወደ ሐኪሙ ተመላለስን። በኋላ ድርቁም ጦርነቱም መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ጥናቱ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። የቆቦ ሰው ሊያገባኝ ሲጠይቅ አባቴ ሽማግሌዎቹን ገና ፀሐይ ሳትወጣ እንዲመጡ ቀጠራቸው፤ እኔንም ግትር እንዳልሁ አይተውኝ ተስማሙ። አባቴ ሠርጌ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አሁን እሱ የሞተበትን ዕድሜ አልፌያለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ ነበረኝ፤ አፈርሁ፤ ሳልጠይቀውም ቀረሁ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሐኪሙ ፊት ቆሞ ያን ሲናገር ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አለማወቄ ነው። ሐኪሙ አይቶታል። ስማቸውን የማላውቃቸው ተማሪዎች አይተውታል። እኔ ጀርባው ላይ ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።