ንጉሡ የሚያየው ፊልም

አባቴ ፊልም የሚያዩ ሰው አልነበሩም። ዜና ያያሉ፣ የቅዳሴ ስርጭት ያያሉ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ሪሞቱን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል። ሳሎኑ የሳቸው ነው፤ እኔ ወደ ወጥ ቤት ስሄድና ስመለስ ብቻ ነው የማልፍበት። ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ባለች ትንሽ ቤት ሁለታችን ብቻ እየኖርን፣ እንደ ጨዋ ጎረቤቶች በሰላምታ ነበር የምንተላለፈው።

ተጣልተን አይደለም። አባቴ ወደ አሜሪካ የሄዱት እኔ ገና አፌን ስፈታ ነው። እናቴ ስላረፈች አክስቴ አሳደገችኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ እሳቸው ዘንድ ኮሎምበስ መጣሁ። አየር ማረፊያ የተቀበሉኝን ሰው የማውቃቸው በፎቶ ነበር። ከዚያ ወዲህም ሥራቸውና ትምህርቴ አላገናኙንም። የሆቴል እንግዶችን የሚያመላልስ ቫን ይነዱ ነበር፤ እኔ ስነሳ ወጥተዋል፣ እሳቸው ሲገቡ እኔ ተኝቻለሁ። አክስቴ «አባትሽን እርስዎ በይ፣ ፊት ለፊታቸው አትለፍልፊ» ብላ ነው የላከችኝ። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዓይን አፋር ነኝ፤ ምክሯ ሳያስፈልገኝ ነው የፈጸምኩት።

አንድ ነገር ግን እንዲነግሩኝ እመኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያለ እኔ ሲኖሩ ምን ያስቡ እንደነበር። ናፍቄያቸው እንደሆነ። አባትን እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሆቴሉ ባዶ ሆነና አባቴን ሌይ ኦፍ አደረጓቸው፤ ከሥራ ወጡ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት በዚያው ሰሞን፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው። ሥራም ያገኘሁት ከቤት የሚሠራ፣ የኢንሹራንስ ማመልከቻ የማጣራት ሥራ ነበር። እንዲህ ሆነን ቀኑን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ዋልን፤ እሳቸው ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤቴ።

በምሳ ሰዓት የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ አንድ የቆየ የጠፈር ተከታታይ ፊልም አይ ነበር። ከኮከብ ወደ ኮከብ እየሄደች የጠፉ መብራቶችን የምትጠግን መርከብ ታሪክ ነው። ሠራተኞቿ ለዓመታት ከቤታቸው ይርቃሉ፤ ከቤተሰብ የሚላክላቸው መልእክትም መንገዱ ስለሚረዝም የሚደርሳቸው ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ስለ ፊልሙ ሳነብ፣ በሩቅ አገር ያለ አንድ ንጉሥ ከልዑልነቱ ጀምሮ የዚህ ፊልም ወዳጅ እንደሆነና አንድም ክፍል እንዲያልፈው እንደማይፈልግ የሚናገር ጽሑፍ አገኘሁ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነስቼ ሳሎን ሄድኩ።

«አባባ፣ የጠፈር ፊልም የሚወድ ንጉሥ አለ።»

መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «የምን ንጉሥ?»

አገሩን ነገርኳቸው።

«በሕይወት ያለ?»

«አዎ፣ አሁን የሚገዛ።»

«የሕፃናት ፊልም ነው?»

«አይደለም። የመርከብ ነው። መርከቧ ግን ሰማይ ላይ ናት።»

«ዘውድ የጫነ ሰው በከንቱ ጊዜውን አያጠፋም። አንድ ያየበት ነገር ቢኖር ነው። እስቲ ክፈችው።»

ልከፍተው ስል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ የሌሊት ልብሳቸውን በሸሚዝና በኮት ለውጠዋል።

«ንጉሥ የሚያየውን እኛ በፒጃማ አናየውም» አሉ፤ እየቀለዱ እንደሆነ ፊታቸው ላይ ፈለግሁ፣ አልነበረም። እኔም ፀጉሬን አስያዝኩና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ አንድ አንድ ክፍል እናይ ነበር። አባቴ የሚከታተሉት በሾፌር ዓይን ነው። «ፖዝ አድርጊው» ይሉኛል በየመሀሉ። «ይቺ መርከብ ናፍጣ የት ነው የምትሞላው?» ወይም «ይሄ ልጅ መሪ ሲይዝ አያምርበትም፤ ለሌላው ይስጠው።» እኔ የማውቀውን አስረዳለሁ፤ ስለ ናፍጣ፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ርቀት። ከመጣሁ ጀምሮ ካወራነው ሁሉ በዚያ ክረምት ስለ መርከብ ሞተር ያወራነው ይበልጣል።

ወሬውን ለራሳቸው አላስቀሩትም። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ከምንገዛበት ሱቅ ስንገባ፣ ባለ ሱቋ እትዬ ጭንብላቸውን ዝቅ አድርገው ይተርቧቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ ቤተ መንግሥት እንዴት ዋለ?»

«ደኅና ነው። ትናንት አንድ መብራት አበራን።»

«ሰውየው ግን አገር አይገዛም? ሥራ ፈቷል እንዴ?»

«ሥራ የፈታሁትስ እኔ ነኝ፤ እሱ ከሥራ በኋላ ነው የሚያየው።»

«ልጅዎን ነው የማዝንላት፤ ከሽማግሌ ጋር ጨረቃ ላይ ቀረች» አሉ እትዬ ወደ እኔ እያዩ። ምስሩን ወደ ከረጢቱ እየከተትኩ አንገቴን ደፋሁ። የሚታዘንልኝ እንዳልሆንኩ መናገር አማረኝ፤ ከረጢቱን ቋጠርኩ።

አንድ ቀን የመርከቧ ምግብ አብሳይ ከማያውቀው ዓለም የመጡ እንግዶችን ሲያስተናግድ የሚያሳይ ክፍል ደረሰን። እንግዶቹ ምግቡን ትተው ሳህኑን በሉ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ፤ አባት ሳይስቅ ልጅ ቀድማ አትስቅም። በዓይኔ ጠርዝ ሳያቸው አባቴ አገጫቸውን ይዘው በጥሞና እንደሚያዳምጥ ዳኛ ተቀምጠዋል። እስከ መጨረሻው ሁለታችንም ጥርሳችን አልታየም። ሲያልቅ «መልካም ነው» ብለው ተነሱ።

ወደ ሥራዬ እንደተመለስኩ በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ። ለጓደኛቸው ደውለው ስለ ሳህኑ እየነገሩት ነው፤ መጨረስ አልቻሉም፣ ሳቁ እያቋረጣቸው እንደገና ይጀምራሉ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እጄን ከኮምፒውተሩ አንስቼ አዳመጥኩ። ያ ሳቅ እኔ ባለሁበት ሳሎን ውስጥ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

በማግስቱ ልከፍት ስል «ንጉሡ ግን ከማን ጋር ነው የሚያየው?» አሉኝ።

«ከቤተሰቡ ጋር ይሆናል።»

«ቤተሰቡስ ቢሆን? እሱ ሳይስቅ ማን ይደፍራል? እሱ ደግሞ ሰው ያየኛል ብሎ አይስቅም።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያሳዝናል።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከልባቸው ለንጉሡ አዝነው ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅለው ጠቀለሉት። በየዓመቱ የሚያደርጉት ነው፤ በጾም ዘፈንና ፊልም ቤታችን አይገባም። እኔ ግን በዚያ ዓመት እንደማያደርጉት ያህል ተዘናግቼ ነበር። ፊልሙ ሊያልቅ የቀሩት ክፍሎች ጥቂት ናቸው።

«አንድ ብቻ ብናይ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ንጉሡ ይጾም እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን እንጾማለን» አሉ፤ ከዚያ ለስለስ ብለው «ለፋሲካ እንጨርሰዋለን» አሉኝ።

ብቻዬን መኝታ ቤቴ ማየት እችል ነበር። አላየሁም። ከምሳ በኋላ ግን እግሬ ወደ ሳሎን እየወሰደኝ አስቸገረኝ። አባቴ መጽሐፋቸውን ያነባሉ፤ እኔ አበባ የማጠጣ መስዬ እቆማለሁ። ለካ ያለ መርከቧ የምናወራው የለንም።

ጾሙ ሳያልቅ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኙ፤ ከሰዓት በኋላ የሚገባ ሺፍት ነው። ፋሲካ መጣ፣ አብረን ፈሰክን፣ ገመዱ ተሰካ፤ ማየት ግን አልቻልንም። እሳቸው ሲወጡ እኔ ምሳዬን ገና አልበላሁም። እሑድም ኦቨርታይም ይባላል። ማምሻውን ሚነርቫ ፓርክ ካለው ሐይቅ ዳር እየሄድኩ እቀመጥ ነበር፤ ቤቱ ሰው የወጣበት ያህል ሰፍቶብኝ። ዛሬ፣ በ2022፣ ክሊንተንቪል ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን እየኖርኩ እንኳ አባቴ እንደዚያ ሰሞን አልናፈቁኝም። ያኔ ልብሳቸው ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ፣ ጫማቸው በር ላይ ሆኖ ነበር የሚናፍቁኝ።

በበጋው አንድ እሑድ ሺፍታቸው ተሰረዘ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነጠላዬን ሳጣጥፍ ከሳሎን ጠሩኝ።

«ነይ እንጂ! ንጉሡ ጥሎን ሄደ እኮ!»

ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን እሳቸው ያሉበት ሶፋ ላይ፣ ሌላኛው ጫፍ። ያየነው ክፍል የመርከቧ መካኒክ ከቤቱ የመጡለትን መልእክቶች የሚከፍትበት ነበር። በመጀመሪያው ላይ ሴት ልጁ ጥርስ የላትም፤ በመጨረሻው ላይ ሙሉ ሴት ሆናለች። ሰውየው ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል።

«ፖዝ አድርጊው» አሉ አባቴ።

አቆምኩት። ስለ ሞተሩ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«እኔ እሑድ እሑድ ነበር የምደውለው» አሉ። «አክስትሽ ትጠራሽና ስልኩን ትቀበያለሽ። ከዚያ የለሽም።»

«አለሁ እኮ» አልኩ።

«መኖርሽንማ አውቃለሁ። ትተነፍሻለሽ። አክስትሽ ከኋላ ሆና ‹ተናገሪ እንጂ፣ አፍ የለሽም እንዴ› ትላለች፤ አንቺ ትተነፍሻለሽ። የስልክ ካርዱ እስኪያልቅ እሱን ነበር የምሰማው።»

ያን ስልክ አስታወስኩት። ሳምንቱን ሙሉ የምነግራቸውን አዘጋጅ ነበር፤ ስለ አስተማሪዬ፣ ስለ አዲሱ ጫማዬ። ድምፃቸው ሲመጣ ሁሉም ይጠፋብኛል። ዝም ስላልኩ ሰልችቻቸው የሚዘጉት ይመስለኝ ነበር። ካርድ እንደሚያልቅ ማን ነግሮኝ?

«ለምን ተናገሪ ብለው አልተቆጡኝም?»

«ብቆጣሽ ትዘጊው የለ?» አሉ። «ፈራኋ።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አልዞሩም፤ እኔም ወደ ሳቸው አልዞርኩም። ሁለታችንም ቴሌቪዥኑ ላይ የቆመውን መካኒክ እያየን ነው። ብዙ ነገር ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ከሁሉ የቀለለውን አነሳሁ።

«አንዳንዴ ጉንፋን ይይዘኝ ነበር» አልኩ። «ያኔ ትንፋሼ ይከብዳል።»

«አውቃለሁ» አሉ አባቴ። «እንደዚያ ሲሆን የሚቀጥለውን እሑድ ሳልጠብቅ ነበር የምደውለው።»