ሰብለወንጌል ያልፈረመችለት ማስተካከያ

አንዳንድ ሰው እሺ ለማለት አፉ ይፈጥናል። ሰብለወንጌል ፋንታው ከነዚያ አይደለችም። ደብረ ታቦር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ቁጭ ብላ፣ አዲስ አበባ ያለ አለቃዋን ዘውዱን በእምቢታዋ ስታንገበግበው ትውል ነበር።

ሥራዋን ማስረዳት ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉን የሚያዝ ከርነል የሚባል እምብርት አለ። ወደዚያ የሚገባ ፕሮግራም መጀመሪያ በር ላይ በፈታሽ ይመረመራል። ፕሮግራሙ የያዘው እያንዳንዱ ጠቋሚ፣ ማለትም የዕቃ አድራሻ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ጋ እንደሚያደርስ ፈታሹ ማወቅ አለበት። ሳያውቅ ካሳለፈ፣ ክፉ ሰው ገብቶ ቤቱን የራሱ ያደርገዋል። ይህን ፈታሽ የሚነካ ማስተካከያ ሲመጣ ገምግማ ስሟን የምትፈርምበት ሰብለወንጌል ነበረች።

ሰኔ ላይ ዘውዱ ፈታሹን ያፈጥናል የተባለ ማስተካከያ ላከላት። አነበበችውና ደሟ ፈላ። ማስተካከያው ከገባ፣ በሚመረመረው ፕሮግራም ውስጥ ሁለት መንገዶች ሲገናኙ፣ ፈታሹ በአንደኛው የመጣውን ጠቋሚ ብቻ አይቶ በሌላኛው የመጣውን ያው ነው ብሎ ያሳልፋል። እውነት እንደሆነ ለማየት በሁለቱ መንገዶች የተለያየ ነገር የያዘ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ፈታሹ አሳለፈው፤ የመሞከሪያ ኮምፒውተሯም አልታዘዝ ብሎ ደርቆ ቀረ።

ለዘውዱ ደውላ ነገረችው። እሱ ግን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማን ይጽፋል፣ ደንበኛው እየጠበቀን ነው፣ አንቺ ስምሽን ብቻ አስፍሪ አላት። ካልሆነም በቦታሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አባቷ አቶ ፋንታው ከሐሙሲት ሊጠይቋት መጥተው ሁሉንም ሰምተዋል። ልጃቸው ከሥራ እንዳትወጣ ሰግተው፣ ከአለቃ ጋር እልህ አትጋቢ፣ ፈርመሽ ተገላገይ አሏት። ሌላ ሰው ቢላት ግድ አልነበራትም። ከሳቸው ሲመጣ ግን አላስቻላትም።

"አባባ፣ የአጎቴን በሬዎች ረሷቸው?" አለች።

እንዴት ይረሳሉ? ሐሙሲት ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው፣ ከብቱ የተሰረቀ እንዳልሆነ የሚመሰክር ዋስ ይዞ ይቀርባል። የገዛ ወንድማቸው ባዩ ሁለት በሬ ነድቶ መጥቶ ዋስ ሁነኝ ሲላቸው፣ አንዱን ከጥጃነቱ አውቀዋለሁ፣ ሌላውን ግን አላውቀውም ብለው እምቢ አሉት። ባዩ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም።

"እኔንም አንዱን አይተሽ ለሁለቱ ዋስ ሁኚ ነው የሚሉኝ። ደግሞ የምፈርመው ሰብለወንጌል ብዬ ብቻ መሰለዎ? ሰብለወንጌል ፋንታው ብዬ ነው። ያንቱም ስም አለበት።"

አቶ ፋንታው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

"ፈታሹ ሁለተኛውን ጨርሶ አያየውም?"

"አያየውም።"

"እንግዲያ እምቢ በያቸው።"

ፈታሹ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በጋራ የሚሠሩት ስለሆነ፣ ሁሉም የሚያነበው የመወያያ መድረክ አለው። ሰብለወንጌል ተቃውሞዋን ከነመሞከሪያ ፕሮግራሟ እዚያው ላይ ለጠፈችው። ከግርጌው ሙሉ ስሟን ጻፈች።

በማግስቱ ዘውዱ ከሥራ አሰናበታት። የተተካው ገምጋሚ የሷን ፕሮግራም ሲሞክረው የሱም ኮምፒውተር ደረቀ፤ እሱም አልፈርምም አለ። ሰብለወንጌል አሁንም ሥራ እየፈለገች ነው። ማስተካከያውም ፈራሚ እየፈለገ ነው።

አቶ ፋንታው ገበያ ላይ ልጅዎ ምን ትሠራለች ብሎ የሚጠይቃቸው አያጡም። ኮምፒውተር ምናምን እያሉ አይንተባተቡም።

"ላላየችው ዋስ አትሆንም" ይላሉ፣ ባዩ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።