በጠዋት እየበላሁ የጾምኩት ሁዳዴ

ሕመሜ የጀመረው በውኃ ጥም ነው። ሞላሌ ከተማ የሂሳብ መምህር ነኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሳላጠናቅቅ ሁለቴ ለሽንት መውጣት ጀመርኩ። ሱሪዬ ሰፋኝ። የሥራ ብዛት ነው እያልኩ ወራት ካለፉ በኋላ ባለቤቴ ጥሩወርቅ በግድ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የደም ስኳሬ አራት መቶ ስድሳ ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «የስኳር ሕመም ነው። ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ ይወጋሉ። ከተወጉ በኋላ ምግብ መዝለል የለም።» እሺ አልኩ። ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ ቃሌን ጠበቅኩ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን አቃተኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልጾም የቀረሁበት ዓመት የለም። ሕመሜን ከቤተሰቤ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲታወቅም አልፈለግኩም። መርፌውን እየወሰድኩ ቁርስ መተው ጀመርኩ። ጥሩወርቅን ትምህርት ቤት እበላለሁ እላታለሁ፤ የቋጠረችልኝን ዳቦ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ የጾም ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

በመጻጉዕ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ቅዳሴ ቆሜ ነበር። ላብ አጠመቀኝ። የካህኑ ድምፅ ራቀብኝ። ወደቅኩ።

ጤና ጣቢያ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ነቃሁ። ስኳሬ ወደ ሠላሳ አንድ ወርዶ ነበር። ሃይፖግላይሴሚያ ይሉታል። ባለሙያው አልተቆጣኝም። «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አንጎልዎ ይጎዳ ነበር» ብቻ አለኝ። ጥሩወርቅ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። የዋሸሁት እሷን ነበር።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ ቤት መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ የአንተ ፈተና ረኃብ አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ነው» አሉኝ። «በጠዋት ብላ። የጾም ምግብ ይሁን እንጂ ብላ። ተደብቀህ ግን እንዳትበላ።»

የኢንሱሊኑ መጠን ተስተካክሎልኝ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ጥሩወርቅ ጠዋት በሶ ጨብጣ ታበላኛለች፤ ለረፋዱ ደግሞ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የምበላውን ዳቦ ትቋጥርልኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ዳቦውን አውጥቼ ሰው ሲገባ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ እከተው ነበር። በኋላ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመርኩ፤ «ወደ ፈተናም አታግባን» የሚለው ላይ ስደርስ ቆርሼ እጎርሳለሁ።

አንድ ቀን ጡረታ የተቃረቡት ባልደረባዬ ጋሽ ደምሴ አዩኝ። «መምህር፣ ሁዳዴን ፈታኸው እንዴ?» አሉ። ሌሎቹም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። ጨጓራዬን ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስኳር አለብኝ፣ ጋሼ። ኢንሱሊን ስለምወጋ ሳልበላ መዋል አልችልም» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ወጡ። ስወጣ ግን በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እኔም ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለጾሙ ብዬ ክኒኑን ትቼዋለሁ።»

በማግስቱ አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የእሳቸውም ስኳር ከፍ ብሎ ነበር፤ ክኒናቸውን ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ረፋድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንበላለን።

ከቤተ ክርስቲያን አንሥተው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ላደረሱኝ ሰዎች፣ ላከሙኝም ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥሩወርቅን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ ይቅር ብላኛለች፤ ዳቦው መበላቱን ግን አሁንም ትጠይቃለች።

እንደኔ ለታመማችሁ የምለው ይህ ነው። ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። መድኃኒት በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቁሙም። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ፤ እጃችሁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወዲያው ቅመሱ። ምልክቱን ለቤተሰብ አስረዱ፤ ራሱን የሳተን ሰው አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ቶሎ ወደ ሐኪም ያድርሱት። ቁርሳችሁንም በሰው ፊት ብሉ።