ለካሳ የተሰጠው ዋንጫ

የፈላ ውሃ የፈሰሰበት የዶሮ ላባ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ሰው ሁሉ የበዓል ዋዜማ ሽታ ነው ብሎ ይወደዋል፤ እኔ ግን አፍንጫዬን በጋቢዬ ጫፍ ይዤ ከቤት እወጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሹርም እንዲሁ ሆነ። እኅቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቀይ አውራ ዶሮ ነክራ ስትነጭ እንፋሎቱ በበሩ ገባ፤ እርጥብ፣ ሞቅ ያለ፣ ከቆዳና ከኩስ የተቀላቀለ ሽታ። ተነሣሁ።

«ደግሞ ጀመረው» አለች እኅቴ። «ወጡ ላይ ግን ማን እንደሚቀድም ነገ እናያለን።»

ነገሩ ከዶሮው አይደለም፤ ልንገርህ።

በዚያ ዘመን ሬዲዮ ያለው ሰው ደጅ ያለፈ ሁሉ ስለ አፍሪካ አንድነት ሳይሰማ አያልፍም ነበር። እኔ የእስቴ ልጅ ብሆንም እናቴ የስማዳ ሰው ናትና ከአጎቴ ቤት ሆኜ እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ እማር ነበር። በእኛው በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት፣ አንገቱ ዘወትር እንደ በርበሬ የቀላ ፈረንጅ መምህር መጣ። ባድሚንተን የሚባል ጨዋታ ይዞ መጣ፤ ራኬት የሚሉት መምቻ፣ መረብና በላባ የተሠራች አንዲት ትንሽ ነገር። የሷን የፈረንጅ ስም ማንም አልያዘውም፤ ጫጩት አልናት። ፈረንጁ በበቅሎ እየዞረ ለወገዳና ለአርብ ገበያ ትምህርት ቤቶችም ራኬት አደለ፤ አጨዋወቱንም አስተማረን።

ፈረንጁ ከአገሩ ያመጣቸው ጫጩቶች ብዙም ሳይቆዩ ተሰባብረው አለቁ። ከዚያ ወዲያ እኛው መሥራት ጀመርን። የጠርሙስ ቡሽ ዙሪያውን በወስፌ ይበሳል፤ በየቀዳዳው ላባ ይተከላል፤ በግራር ሙጫ ይጣበቃል። ይህን ብዙ ልጅ ይሠራ ነበር። የእኔ ጫጩት ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ የሌሎቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ምክንያቱን ያገኘሁት በብዙ ላባ ነው፦ ላባው ሁሉ ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለበት። የቀኝና የግራ ከተደባለቀ ጫጩቷ አየር ላይ ከራሷ ጋር ትጣላለች። እኔ የግራውን መረጥሁ። አንድ ቀን ለእረፍት ቤት ሄጄ፣ አባቴ ሞፈር ሲጠርብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ነገርሁት፤ ላባ ከላባ እያስተያየሁ የግራው ወዴት እንደሚጎብጥ አሳየሁት። ቀና ብሎም አላየኝ። «ዶሮ ለሥጋዋ ነው ያሳደግናት» አለኝና መጥረቡን ቀጠለ።

ሽታው ግን ነበረ። ከላባው ሥር የቀረችው ቅንጣት ሥጋ በሁለተኛው ቀን ትበሰብሳለች። ጫጩቷ በመረቡ ላይ ሽው ስትል ሽታዋ ቀድሟት ይደርሳል። ያኔ ይህ ሽታ ይጣፍጠኝ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? የማሸነፍ ሽታ ነበር።

ፈረንጁ የሦስቱን ትምህርት ቤቶች ውድድር «የአፍሪካ ሻምፒዮና» አለው፤ ከዘይት ቆርቆሮም ዋንጫ አሠራለት። ዕጣ ጣልንና መካነ ኢየሱስ ኢትዮጵያ ሆነ፤ አርብ ገበያ ናይጄሪያ፤ እኛ ወገዳዎች ጋና። ያሸነፈውን ልጅ ደብረ ታቦር ወስዶ፣ ቀለቡንም ማደሪያውንም ችሎ፣ ሁለተኛ ደረጃ እንደሚያስተምረው ተናገረ። ወገዳ ያለው ትምህርት ሊያልቅብኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው እርሻ ነው። ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ለሌሎቹ ዋንጫ ነበር፤ ለእኔ መንገድ ነበር።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ መካነ ኢየሱስ ተሰበሰብን። ሜዳው ሰፊ አውድማ ነበር፤ እህሉ ተወቅቶ ተነሥቷል፤ መሬቱ በእበት ተለቅልቆ እንደ ገበታ ተስተካክሏል። መስመሩ በአመድ ተሰመረ። ነፋስ ሳይነሣ በጧት መጫወት ነበረብን፤ ፀሐይዋ በአንድ ወገን ስትወጣ ከእበቱ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ሽታ ይነሣል። ከሾላው ሥር የወረዳው ገዥ ጭራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከጎናቸው ሽማግሎች፣ አንድ ቄስ፣ ከኋላ ገበያተኛው።

ናይጄሪያ ቶሎ ወጣ። ረጅም ልጅ ነበር፤ ጫጩቷ ወደ እሱ በመጣች ቁጥር ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ሰዉ በሳቅ ሞተ። «ዓይንህን ግለጥ፣ ጭልፊት አይደለችም!» ትላለች አንዲት ጠላ ሻጭ።

ለመጨረሻው ግጥሚያ ከእኔ ጋር የቆመው ለመካነ ኢየሱስ የሚጫወተው የገዥው ልጅ ነበር። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጓል። ደብረ ታቦር የራሳቸው ቤት ነበራቸው፤ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም መማሩ አይቀርም። ይህን ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። አጨዋወቱ መጥፎ አልነበረም፤ ጉልበት ነበረው፤ ግን ጫጩቷን እንደ ዝንብ ነው የሚመታት።

አባቴም መጥቶ ነበር። ለእኔ ብሎ መስሎኝ ደስ አለኝ። የወንዝ ዳሩ ማሳችን ክርክር በገዥው ችሎት ላይ ነበር፤ ሰኞ ሊታይ ተቀጥሯል። ለካ ለገዥው እጅ ሊነሣ ነው የመጣው።

አንድ ነጥብ ቀረኝ። የገዥው ልጅ ጫጩቷን ከመረቡ አጠገብ ከፍ አድርጎ ሰጠኝ፤ ዘልዬ ወደ ታች መታኋት። አፍንጫው ላይ አረፈች። በጨዋታው ሕግ ገላን የነካች ጫጩት ለመቺው ነጥብ ናት። ፈረንጁ ፊሽካውን ነፋ፤ «ጋና!» ብሎ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። የወገዳ ልጆች ጮኹ። አንዱ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ።

ልጁን ድሮም ነስር ያስቸግረው ነበር፤ ደሙ በነጩ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ጥምጣማቸው የወየበ ረጅም ሰው፣ ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሡ። «ደም የታየበት ነገር በፊሽካ አይዳኝም» አሉ።

ሜዳው እንደ አገር ሽማግሌ ችሎት ሆነ። ሽማግሎቹ አውድማው ላይ፣ የአመዱን መስመር ረግጠው፣ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ፈረንጁ ወደ መካነ ኢየሱስ ርእሰ መምህር እየዞረ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል። ርእሰ መምህሩ ላብ አጥምቆታል። «ኢትዮጵያ በጋና ተሸነፈች ብዬ ለበላይ ልጽፍ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት፤ ለፈረንጁ ግን ይህን አልተረጎመለትም።

«ጨዋታ ነው!» አለ ፈረንጁ በአማርኛ። «ይህ ጨዋታ ነው!»

«ጨዋታስ ጨዋታ ነው ጌታዬ» አሉት ሽማግሌው ረጋ ብለው። «አፍንጫው ግን የሰው ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

ገዥው ከሾላው ሥር አልተነሡም። ዝንብ ከፊታቸው በጭራቸው ከለከሉና «እኔ ምን አገባኝ፤ ሽማግሎች ያሉት ይሁን» አሉ። ከዚያ አባቴን አዩት። «ያንተስ ጉዳይ ሰኞ አይደል?» አሉት። ይህን ብቻ። አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ደረቱ ላይ አደገደገ።

ስለ እኔ የተናገረው አባቴ ነው። ልጄ አሸንፏል ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ክርክር ያውቃል፤ የማሳውን ነገር ስንት ጊዜ ሲሟገት ሰምቼዋለሁ። «ልጄ አጥፍቷል፤ ካሱ ያላችሁንን እንክሳለን» አለ።

ሽማግሎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል አይቀፈኝም ነበር። በየዋህነት መከሩ፣ ጥቅስ ጠቀሱ፣ ተመራረቁ። ቂም እንዳይገባ፣ ሁለት ወረዳ እንዳይቃቃር ተጨነቁ። ከዚያም ፈረዱ፦ ደም ያፈሰሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ዋንጫውና ከዋንጫው ጋር ያለው ሁሉ ለተመታው ካሳ ይሁን። ነጥቤን ቆጥረው ለአፍንጫው ሰጡት። ውሳኔው ሲነገር ሁሉም «እሰይ! እሰይ!» አለ፤ የወገዳ አስተማሪያችንም አብሮ አለ።

ድንጋይ ከአውድማው ዳር አነሡልኝ። ሥሩ እበት ነበረበት፤ ከእበቱ ውስጥ ነጭ ትል ወጥቶ አንገቴ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ እጆቼ ድንጋዩን ይዘዋልና ላነሣው አልቻልሁም። ጎንበስ ብዬ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አልሁ። ልጁ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጥጥ ደፍኗል። «ጋና፣ ከበደህ?» አለኝ በቀስታ። ከዚያ ጮክ ብሎ «ይቅር ብያለሁ!» አለ። እልል ተባለ።

በግ ታረደ። ታራቂዎች አብረው ካልበሉ እርቁ አይጸናም። ከሾላው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡን፤ ልጁም ባልታጠበ እጁ፣ ደም በደረቀበት ጥፍሩ፣ ሐሞት የነካው ጥሬ ጨጓራ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል። ዋጥሁት። ዛሬ ድረስ የት ጋ እንዳለ የማውቀው ይመስለኛል። በመጨረሻ ቄሱ ተነሥተው ይህን ነገር መልሶ የሚያነሣውን፣ እርቁን የሚያፈርሰውን በግዝት አሰሩ። አሜን አልን።

ፈረንጁ አልበላም። በነጋታው በበቅሎ ቤታችን ድረስ መጣ፤ አስተርጓሚ አላመጣም። ከበቅሎው ሳይወርድ «ዋንጫ የለም፤ ልጁን ግን እወስዳለሁ» አለ። አባቴ ልጓሙን ያዘ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ የጫማዬን ማሰሪያ አጠብቅ ነበር፤ የምሄድ መስሎኝ።

«ግዝት አለብን ጌታዬ» አለ አባቴ። «እሱ ከሄደ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ሰኞ ደግሞ ችሎት አለኝ።»

ፈረንጁ የመጀመሪያውን ይረዳው አይረዳው አላውቅም። ሁለተኛውን ግን የተረዳ ይመስለኛል፤ በቅሎውን አዞረ። ክረምት ሲገባ ከአገሩ ወጣ፤ ምትክ አልመጣም።

ሰኞ ማሳው ለእኛ ተፈረደ። ገብሱ በዚያ ዓመት እጅግ ያማረ ነበር። በልቼዋለሁ። ለአባቴ ግን ያዘዘኝን ከመሥራት በቀር አንድ ቃል ሳልነግረው ብዙ ጊዜ ኖርሁ። ያረሰው እጅ፣ ያደገደገው እጅ፣ እንጀራ የሚቆርስልኝ እጅ አንድ መሆኑ ይቀፈኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ የተማርሁትን የተማርሁት ከወገዳው ነጋዴ ሱቅ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ጫፉ የተቀደደውን ወሬ መጨረሻ እኔው እየገመትሁ።

በዚያው ሰሞን ለምስጋና ከአባቴ ጋር ወደ ገዥው ግቢ ገብቼ ነበር። ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራው ዋንጫ ከኩሽናው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፤ አንዲት ዶሮ አንገቷን አስግጋ ውሃ ትጠጣበታለች። ልጁ ደብረ ታቦር ይዞት እንኳ አልሄደም። ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ግን በጠመኔ ተጽፎ ቆየ፦ የአፍሪካ ሻምፒዮና ውጤት፣ አንደኛ ኢትዮጵያ፣ ሁለተኛ ጋና፣ ሦስተኛ ናይጄሪያ። የሚያጠፋው ስለሌለ የሰሌዳውን ቀን ብቻ እየለወጡ እሱን ይዘሉት ነበር።

አሁን ወደ ሽታው ልመለስ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በየበዓሉ ዶሮ ሲታረድ፣ ከተነጨ በኋላ፣ ከመኝታዬ ራስጌ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ላባ ተሰክቶ አገኝ ነበር። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ። መጀመሪያ ልጆች ያደረጉት መስሎኝ ነቅዬ ጣልሁት። በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ነበር። ሽታው ያናድደኛል፤ እነቅላለሁ፤ እጥላለሁ። ማን እንደሚሰካው አልጠየቅሁም፤ ማንም አልነገረኝም።

አባቴ ባለፈው ኅዳር ዐረፈ። ባልሁህ ቅዳሜ ሹር ከቤት ወጥቼ ተመልሼ ስገባ ሳላስበው ወደ ራስጌዬ አየሁ። ስንጥቁ ባዶ ነበር። ቆሜ ሳለሁ ትዝ አለኝ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስነቅል እጄ ያወቀውን ዓይኔ አላየውም ነበር። ላባዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጎብጡ ነበር። አንድም የቀኝ አልነበረባቸውም።

«ላባውን ምን አደረግሽው?» አልኋት እኅቴን።

«የትኛውን ላባ? አመድ ላይ ደፋሁት» አለች። «አባባ ነበር እየለቀመ የሚወስደው። ለምን እንደሆነ እንጃለት፤ 'ተይው፣ ይፈልገው ይሆናል' ይለኝ ነበር።»

ወደ አመድ መድፊያው ሄድሁ። ላባው እርጥብ ነበር፤ አመድ ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ ሥጋ አለበት፤ ይሸታል። ተቀመጥሁና የግራውን ከቀኙ መለየት ጀመርሁ። አፍንጫዬን አልያዝሁም።