በየብሎኑ ላይ ቀይ ነጥብ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጋሽ ያረጋል ያልጠረጠሩት ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው፤ እሱንም ቢሆን እናቱ በደጃቸው ስታልፍ ሆዷን ትኩር ብለው አይተውታል።

አይፈረድባቸውም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የግብርና መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ያ ሥራ ደግሞ ሰው ያበላሻል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይኒቱ ለጎረቤት ወንፊት ሲያውሱ «የዕቃ ወጪው ሞዴል ሃያ ሁለት ተፈርሟል?» ይላሉ እየተባለ ይወራባቸዋል። ውሸት ነው። የጠየቁት ለሙቀጫው ብቻ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ ይዘዋት የወጡት አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት አለች፤ በጨረታ ስትወገድ ያነሷት። እሜቴ ይሏታል። እሜቴ በደህና ዘመኗ የግብርና ባለሙያ ተሸክማ ከመራዊ እስከ ሊበን ያልረገጠችው ጭቃ የለም። አሁን ግን በጋሽ ያረጋል ግቢ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ተፈታ፣ ስድሳ ቀን ተገጥማ ትኖራለች። የቀሩትን አምስት ቀን፣ ልክ እንደ ጳጉሜን፣ ትሄዳለች።

ይሁን እንጂ ጋሽ ያረጋል ለሞተር ጆሮ ተሰጥቷቸዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የንስሐ አባት ኃጢአት እንደሚሰማ ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ከዚያ የካርቡሬተሯን ብሎን ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ የሩብ ሩብ ወደ ቀኝ። ሳል የያዛት ሞተር ሳሏን ትተዋለች። ለዚህም ነው ከቡሬ መንገድ እስከ ላህ ወንዝ ዳር ያለ መስኖ ተጠቃሚ ገበሬ ፓምፑ ሲያጓራበት በጋሪ ጭኖ ወደሳቸው የሚመጣው።

ሥራቸውን ሲጨርሱ አንድ ሥርዓት አላቸው። ሴት ልጃቸው ለሰርጓ አምጥታ የረሳችውን ቀይ የጥፍር ቀለም ያወጡና ባጠበቁት ብሎን ሁሉ ጠርዝ ላይ አንዳንድ ነጥብ ጠብ ያደርጋሉ። ብሎኑን ሌላ እጅ ቢያዞረው ነጥቡ ይሰነጠቃል። በየጠዋቱ መነጽራቸውን ሰክተው ነጥብ ይቆጥራሉ። እሜቴ ላይ ብቻ መቶ አርባ ሦስት ነጥብ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ኩፍኝ የወጣባት ትመስላለች።

ዋናው ተጠርጣሪ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ የሚጠግነው ባምላኩ ነው። ማስረጃው ብዙ ነው። አንደኛ፣ በየቀኑ ሰላም ይላል፤ ሰው በጤናው በየቀኑ ሰላም አይልም። ሁለተኛ፣ እሜቴ ስትነሳ ሥራውን አቁሞ ይሰማል። ሦስተኛ፣ እሜቴ ሳትነሳ ስትቀርም ሥራውን አቁሞ ይሰማል።

የካቲት ውስጥ ሰኞ ዕለት ካሰች የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ከላህ ወንዝ ዳር ፓምፗን በጋሪ ጭና መጣች። በበጋ ወንዙ ስለሚቀጥን ውሃ የሚጠለፈው በተራ ነው፤ የሷ ተራ በየስምንት ቀኑ ሐሙስ ጠዋት ይደርሳል። ያለፈውን ሐሙስ ፓምፗ አልነሳ ብላት ተራዋ ለሌላ አለፈ። ሽንኩርቷ ገና ራስ ቋጥሮ ማኮረት መጀመሩ ነው፣ አሁን አንገቱን ደፍቷል።

«አያ ያረጋል» አለች፣ «የዚህ ሳምንቱ ሐሙስም ካለፈኝ ከብት ልለቅበት ነው።»

ጋሽ ያረጋል መጀመሪያ ፓምፗን ማን ማን እንደነካት ጠየቁ። ቀጥለው ጋሪ ነጂውን ገላመጡት። ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ሁለት ቀን ፈቱ፣ አጠቡ፣ ነፉ፣ አዳመጡ። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ፓምፗ በአንድ ጉተታ ተነስታ እንደ ድመት ታንኮራፋ ጀመር። ነጥቦቹን ጠብ ጠብ አደረጉ።

እራት ላይ ግን ደስታቸው አልረጋም። ባምላኩ በአጥሩ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ እንዳየ ለባለቤታቸው ነገሩ። «የዚያ ልጅ ዓይን ደህና አይደለም» አሉ። «ዓይኑ ያረፈበት ሞተር አይነሳም።»

ይህን ያሉት እንደ ልማዳቸው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስለ ፖስታ ቤቱ ዘበኛም ብለውታል። ወይዘሮ ወይኒቱ ግን የጠቀለሉትን ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ።

ረቡዕ ጠዋት ፓምፗ አልነሳም አለች። ጋሽ ያረጋል ገመዱን አርባ ጊዜ ጎተቱ፤ በአርባ አንደኛው የተነሳው የራሳቸው ወገብ ነው። ወደ እሜቴ ዞረው ረገጧት። እሜቴም ዝም። ሁለት ሞተር፣ በአንድ ሌሊት። መነጽራቸውን ሰክተው ተንበረከኩ፤ ነጥቦቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ አንድም አልተሰነጠቀም። ይሄ ነው ይበልጥ ያስደነገጣቸው። ነጥብ የሚሰነጥቅ ጀማሪ ነው፤ ነጥብ ሳይሰነጥቅ ሞተር የሚገድል ግን የሠለጠነ ሰው ነው። በመላው ምዕራብ ጎጃም ደግሞ ለዚህ የሚበቃ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እየፏጨ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ይለጥፋል።

ቀትር ላይ ካሰች ፓምፗን ልትወስድ ጋሪ ይዛ ደረሰች። ቆማ አየቻት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ያረጋል ያን ማየት አቅቷቸው መንገዱን ተሻገሩና ባምላኩን ይዘውት መጡ። እሱ ለእርዳታ የተጠራ መስሎት ነበር።

ባምላኩ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ብርጭቆ ይስጡኝ» አለ። ከካርቡሬተሯ ግርጌ ያለችውን ብሎን ያዘ፤ ቀይዋ ነጥብ ቀጭ አለች፤ ጋሽ ያረጋል ጥርሳቸው የተነቀለ ያህል ፊታቸውን አጨማደዱ። ብርጭቆው ውስጥ የወረደው ፈሳሽ ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ።

ጋሽ ያረጋል ቀና አሉ። «ካሰች፣ ምስክር ነሽ። ውሃ ጨምሮብኛል።»

«እኔ ብሆን ኖሮ ከፍቼ አሳይዎታለሁ ጋሼ?»

«እሱ እኮ ነው ብልጠትህ።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ወይኒቱ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ከማድ ቤት ብቅ አሉ።

«ውሃ አይደለም» አሉ። «ጠበል ነው።»

ወይዘሮ ወይኒቱ ምንም የተደበቀ ነገር እንደሌለው ሰው ረጋ ብለው አስረዱ። ዓይን ነው የተባለውን በጆሯቸው ሰምተዋል። ዓይን ለመታው መድኃኒቱ ይታወቃል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ሚካኤል ወርደው ጠበል ቀድተው መጡ። ሰው ቢሆን ይረጫል፣ ይጠጣልም፤ ሞተር ግን ቆዳው ብረት ስለሆነ መርጨቱ ብቻ አይዘልቀውም ብለው የሚጠጣበትን አፍ ከፍተው አጠጡ። ለፓምፗ አንድ ጣሳ። ለእሜቴ ዕድሜዋን አይተው ሁለት።

የታንኩ ክዳን ላይ ነጥብ አልነበረም። ቤንዚን በየቀኑ ስለሚጨመር ጋሽ ያረጋል እሱን ትተውት ነበር። የሃያ ስምንት ዓመት ጥንቃቄ በዚያች ቀዳዳ ገባ።

አሁን የቀረው ሁሉንም መድፋት ነበር፤ ጋሽ ያረጋል የታንኩን ቱቦ ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ።

«ጠበል እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም» አሉ ወይዘሮ ወይኒቱ።

ጋሽ ያረጋል ፍርድ ፍለጋ ወደ ካሰች ዞሩ። ካሰች፣ ሽንኩርቷ ላህ ዳር እየጠወለገ፣ ተራዋ የአንድ ሌሊት ዕድሜ ቀርቶት፣ እውነታቸውን ነው፣ ነውር ነው አለች። ቤንዚን የተቀላቀለበትን ደግሞ መጠጣት አይቻልም። ታንኩ ውስጥ ይቆይ እንዳይባል ሐሙስ አይጠብቅም። ጋሽ ያረጋል በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠረጥሩት ሰው አጡ።

ዘዴውን ያመጣው ባምላኩ ነው። ከታንኩ እየቀዳ በላስቲክ ጠርሙስ ሞላ፣ ክዳኑን አጥብቆ ጠርሙሱን ዘቀዘቀው፣ ትንሽ ታገሰ። ከባዱ ጠበል ወደ አንገቱ ወረደ። ክዳኑን ላላ ሲያደርገው ጠበሉ ብቻ ወደ ነጭ ሳህን ተንጠባጠበ፤ ቤንዚኑ ሊደርስ ሲል ጥርቅም። እንዲህ እያለ የፓምፗንም የእሜቴንም ጠርሙስ በጠርሙስ ለያየው። ወይዘሮ ወይኒቱ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው እየተመላለሱ ዶሮ እንኳ በማይደርስበት የአጥሩ ጥግ፣ ከግራዋው ሥር አፈሰሱት። ካንዴላዋ ተጠርጋ፣ ካርቡሬተሯ ተነፍታ፣ አሥር ሰዓት ላይ ፓምፗ በሦስተኛው ጉተታ ተነሳች። ባምላኩ በባጃጁ ላድርሳት አለና ከካሰች ጋር ጭኖ ሄደ። በነጻ። ጋሽ ያረጋል ያን «በነጻ» የሚለውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጡት አደሩ።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ እሜቴን አስነስተው ላህ ወረዱ፤ ባምላኩ በመንገድ ላይ ምን እንደለወጠ ለማየት። ምንም አልለወጠም። ፓምፗ ትንተከተካለች፣ ውሃው በቦዩ እየተጥመዘመዘ ሽንኩርቱ ውስጥ ገብቷል፣ ካሰች በባዶ እግሯ ጭቃው መሃል ቆማ ውሃውን ከመደብ ወደ መደብ ትመራለች። ጋሽ ያረጋል ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቢያዳምጡ ከማክሰኞው ድምፅ የባሰ አልነበረም። እንዲያውም ይሻላል። ተናደዱ።

የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ተራቸውን ለሚጠብቁት ገበሬዎች ካሰች ፓምፗ ጠበል ጠጥታ እንደዳነች ትነግር ነበር። ጋሽ ያረጋል ጠበሉ ያቆማት እንጂ ያስነሳት አለመሆኑን፣ የተነሳችውም ጠበሉ ከወጣ በኋላ መሆኑን ደጋግመው አስረዱ።

አንድ ሽማግሌ በትራቸው ላይ እንደተደገፉ ሰሟቸው። «ሥራውን ጨርሶ ነዋ የወጣ» አሉ።

በሰኞው አራት ፓምፕ የጫኑ አራት ጋሪዎች የጋሽ ያረጋል በር ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ጋሽ ያረጋል ካቻቢቴያቸውን ይዘው ወጡ። የመጀመሪያው ገበሬ ኮፍያውን አውልቆ በትሕትና እጅ ነሳና እትዬ ወይኒቱ መኖራቸውን ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ያረጋል የባምላኩን ሰላምታ ይመልሳሉ፤ እሱን የሚጠረጥሩበት ጊዜ የላቸውም። አዲሱ ተጠርጣሪ ቤት ውስጥ ነው። በየታንኩ ክዳን ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ ወይዘሮ ወይኒቱ ለገበሬዎቹ ጠበል በሚቀዱበት ጀሪካን ክዳን ላይም፣ ማንም ሳያይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ጠብ አድርገዋል።

ዛሬ ጠዋት የጀሪካኑ ነጥብ ተሰንጥቆ አገኙት። እሜቴ ግን በአንድ ርግጫ ተነሳች። እሱም አላማራቸውም።